የሶማሌ ተራ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማን ይከፍላል?

በመርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው በዓይንና በቃል ነው። ካምቢዮ ወይም ራዲያተር የቸገረው ሾፌር ደላላ ይይዛል፤ ደላላው ባለሱቁን ያውቃል፤ ባለሱቁ ዕቃው በእጁ ከሌለ ከጎረቤት ወስዶ ይሸጥና በኋላ ይተሳሰባል። የሚሸከመው፣ የሚፈታው፣ የሚያሻሽጠው ሁሉ ድርሻውን የሚቀበለው እዚያው፣ በእጅ በእጁ ነው። የደመወዝ ዝርዝር የለም፤ የቅጥር ደብዳቤም የለም። ሰው የሚመዘነው በስሙ ነው።

ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ለትምህርቱ ድጋፍ ፍለጋ ሲነሣ ሁሉ ነገር በወረቀት ወደሚሄድበት ዓለም ይገባል። ይህ ዳሰሳ የድጋፉን ምንጮች በየተራ ይቃኛል፦ መንግሥት የሚሸፍነውን፣ ግቢው የሚደጉመውን፣ መርካቶ ራሱ የሚያዋጣውንና ባሕር ማዶ ያለውን። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የዚህን ልጅ ችግር ተራው በሙሉ ያውቅለታል፤ ለማያውቀው ሰው በማኅተም የሚያስረዳለት ግን የለም። ብዙው ዕድል የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው።

ነጻ የነበረበት ዘመን

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪው ከኪሱ የሚያወጣው ነገር አልነበረም። ትምህርቱም፣ አልጋውም፣ ማዕዱም በመንግሥት ነበር። አዳሪነት በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲቀር ለተቸገሩ ተማሪዎች የወር ተቆራጭ ተተካ። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ለሌሎችም ሰጪ ነበረች፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1958 አክራ ላይ በተደረገው የነጻ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ምክንያት ለ200 አፍሪካውያን የትምህርት ዕድል ሰጥተው ከኬንያ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ወጣቶች እዚህ ተምረዋል።

ነጻ ማለት ግን ያለ ምላሽ ማለት አልነበረም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ተደንግጎ ነበር፤ አብዛኛው የሄደው ለማስተማር ነው። አገር ላስተማረችው ልጅ ዕዳ አለበት የሚለው ሐሳብ በሕግ የገባው ያኔ ነው ማለት ይቻላል፤ ክፍያው በጉልበት እንጂ በብር አልነበረም። ደርግም ነጻነቱን አስቀጠለ፤ በዚያ ላይ የሶሻሊስት አገሮች በር ተከፍቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ ብዙ ሺህ ወጣቶች ሄደው ተማሩ።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ተማሪው ጥቂት እስከሆነ ድረስ ነበር። በ1990ዎቹ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በየክልሉ መክፈት ሲጀምር ሒሳቡ አልገጥም አለ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ነው።

የሁሉም የሆነ ብድር

መልሱ ወጪ መጋራት ሆነ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ቁጥር 91/1995 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሸፍን አደረገ። የሚከፍለው ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ነው፤ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ። በመምህርነት ለሚሰማራ ዕዳውን በአገልግሎት የሚያወራርድበት መንገድ አለ። ከተመራቂ ገቢ እየተቆረጠ የሚመለስ ክፍያን እ.ኤ.አ. በ1989 በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው አውስትራሊያ ነበረች።

በተግባር ይህ በአገሪቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትልቁ የተማሪ ድጋፍ ነው። ማንም ማመልከቻ አይጽፍለትም፤ ድርሰት አይጠየቅበትም። ተማሪው በምዝገባ ሰሞን ፎርም ይሞላል፣ ፎቶውን ይለጥፋል፣ ይፈርማል። ከፊርማው በላይ የተጻፈውን አንብቦ የሚፈርም ፍሬሽ ግን ስንት ነው? ፎርሙ ላይ ምርጫ አለ። ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ ወይም ሁለቱንም መውሰድ ይቻላል፤ በዓይነት ወይም በገንዘብ የሚል ክፍልም አለው። ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር የአዲስ አበባ ልጅ ያልተኛበትን አልጋ መርጦ ቢፈርም ዕዳው የእርሱ ነው።

ዕዳው ቀላል የሚመስለው ብሩ ትንሽ በነበረበት ጊዜ ነው። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለረጅም ዓመታት 15 ብር፣ ከዚያም 22 ብር ሆኖ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በዓመት 300 ቀን ብናስብ 6,600 ብር የነበረው 30,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ለሳህኑ ደግ ዜና ነው። ነገር ግን ምግብ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ስም የሚቆጠር ስለሆነ ደንቡ እንደተጻፈ ከተሠራበት ዕዳውም አብሮ ይወፍራል።

አከፋፈሉም ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የተሰፋ ነው። ቀጣሪው ከደመወዝ ይቆርጥና ለገቢዎች ያስገባል። ተመርቆ ወደ አባቱ ሱቅ የተመለሰ ልጅ ግን ቀጣሪ የለውም፤ ማንም አይቆርጥበትም። ዕዳው የሚነሣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ለውጭ ትምህርት ወይም ለሥራ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲያስፈልገው ሬጅስትራሩ የወጪ መጋራቱን ክሊራንስ ይጠይቀዋል። ቴምፖ (ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት) ብቻ ይዞ የሚኖር ተመራቂ በየሰፈሩ የበዛው በዚህ የተነሣም ነው። ስለዚህ ከተመረቀ በኋላ በግሉ የሚሠራ ሰው ራሱ ገቢዎች ሄዶ እየከፈለ ደረሰኙን ቢያስቀምጥ የኋላ ኋላ ከመሯሯጥ ይድናል።

ከአጥሩ ውጭ የቀሩት

የወጪ መጋራቱ ብድር የሚደርሰው መንግሥት መድቦ ላስገባው ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በሩ ጠቧል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብለዋል። ከእነርሱ በታች ያለው የተወሰነ ክፍል በሬሜዲያል ሌላ ዕድል ያገኛል። የቀረው ወይ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል፣ ወይ በግል ይከፍላል፣ ወይ ሥራ ይገባል።

ለመርካቶ ልጅ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ቀን ሱቅ ይቆማል፣ ማታ ይማራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሰንጋ ተራ ነው፤ ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲም ከመርካቶ ብዙ አይርቅም፤ በከተማው ያሉት ሌሎች የግል ኮሌጆችም የማታና የቅዳሜና እሑድ ትምህርት አላቸው። ግን የግል ኮሌጅ ተማሪ ወጪ መጋራት የለውም፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲም የማታ ተማሪ ከኪሱ ይከፍላል። በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚፈቅደው አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ከሆነ በኋላም በግሉ ከፍሎ የሚማር ተማሪ ቁጥር እየጨመረ ነው። እንግዲህ ነጥቡ ያነሰ፣ ብዙ ጊዜም ቤቱ የደኸየ ልጅ ሙሉውን ይከፍላል፤ ጥሩ ትምህርት ቤት ተምሮ ነጥብ ያመጣው ግን በብድር ይማራል። የሥርዓቱ ትልቁ መዛባት ይህ ነው።

ግቢው ውስጥ ያለው

ምድብ ደርሶት ክልል የሄደውም ቢሆን ወጪው አላለቀም። ትራንስፖርት፣ ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒ፣ ልብስ፣ የስልክ ካርድ ወጪ መጋራት ውስጥ የሉም። ላፕቶፕማ አይታሰብም። እዚህ ላይ ድጋፍ አለ፤ ሳይጠየቅ ግን አይመጣም። የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ለተቸገሩ ተማሪዎች የሚመድባት ትንሽ ገንዘብ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አለች። የሥርዓተ ጾታ ክፍሎች ከድሃ ቤተሰብ ለመጡ ሴት ተማሪዎች የኪስ ገንዘብና የንጽሕና መጠበቂያ ይሰጣሉ። ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያካሂደው ፕሮግራም ከሁሉ የታወቀው ነው። የግቢ ጉባኤውና ጀመዓውም ለታመመና ለተቸገረ ጓደኛ ያዋጣሉ።

የእነዚህ ሁሉ መግቢያ አንድ ዓይነት ነው። ከወረዳ የመጣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ አጭር ማመልከቻ። ደብዳቤውን ከቤት ሳይነሡ መያዝ ይሻላል፤ ኅዳር ላይ ከጅማ ወይም ከወልድያ ሆኖ የአዲስ ከተማ ወረዳን ማኅተም ማስመጣት የአንድ ሰው የሥራ ቀን ይበላል። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀን ሥራ የምታድር እናት ናት።

ተራው ራሱ የሚሰጠው

መርካቶ ለልጆቹ ባንክ ሳይጠይቅ የሚከፍልበት የራሱ ሥርዓት አለው። ዋነኛው እቁብ ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሲቃረብ አባት ዕጣውን እንዲያስቀድሙለት ዳኛውን ይለምናል፤ አባላቱ ከተስማሙ ልጁ ፍራሽና ቦርሳ ገዝቶ ይሄዳል፣ አባት እስከ መጨረሻው ዙር ይጥላል። ይህ ወለድ የሌለው የትምህርት ብድር ነው። መያዣው ስም ነው፤ ቃል የእምነት ዕዳ ነው የሚለው ብሂል እዚህ ሕግ ሆኖ ይሠራል።

ከእቁቡ ቀጥሎ አሠሪው አለ። ሱቅ የሚያሠራ ነጋዴ አብሮት ያደገውን የሻጩን ልጅ የሴሚስተር ክፍያ መሸፈኑ በመርካቶ እንግዳ ነገር አይደለም። የሙስሊሙ ነጋዴ ዘካ፣ የክርስቲያኑ አሥራትና የጽዋ ማኅበር መዋጮ ለተማሪ የሚደርሱበት ጊዜ አለ። የመርካቶ የጉራጌና የስልጤ ነጋዴዎች አዋጥተው በትውልድ አገራቸው መንገድና ትምህርት ቤት በመሥራት የታወቁ ናቸው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሆነው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ተማሪም ሊውል እንደሚችል ልምዱ ይመሰክራል።

ድክመቱን ግን መሸፈን አይገባም። አንደኛ፣ የሚታወቀውን ብቻ ነው የሚረዳው። አባቱ ተራው ውስጥ ስም ያለው ልጅ ያገኛል፤ ትናንት ከገጠር መጥቶ ጭነት የሚያወርደው ሰው ልጅ ግን የሚያስታውሰው የለም። ሁለተኛ፣ በንግዱ ዕድሜ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል የብዙ ቤተሰብ ሀብት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ፤ እንዲህ ያለ ቤት ልጁን ሁለተኛ ዓመት ላይ ቢያቆምስ ማን ይቀጥልለታል? ሦስተኛ፣ እርዳታው ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ነው። የተረዳው ልጅ ክረምቱን ሱቁ ቆሞ እንዲያሳልፍ ይጠበቃል፤ የትምህርት ዘርፉን ሳይቀር ሰጪው ሊመርጥለት ይሞክራል። ቢሆንም በፍጥነት ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ማመልከቻው ማለዳ ቢነገር መልሱ ከሰዓት ይመጣል።

ባሕር ማዶ

ለመጀመሪያ ዲግሪ ለኢትዮጵያውያን በሰፊው የሚደርሱት የመንግሥታት ዕድሎች ናቸው። የቱርክ ቡርስላሪ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ይከፈታል፤ የወር ድጎማ፣ መኖሪያ፣ የጤና መድን፣ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትና የደርሶ መልስ ትኬት አለው። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም ክፍያውን፣ ድጎማውንና መኝታውን ይሸፍናል፤ የአውሮፕላን ትኬት ግን አይሸፍንም። ይህችን አንዲት መስመር ሳያነብ አልፎ ዕድሉ ከደረሰው በኋላ ትኬት የሚለምን ተማሪ አይጠፋም። የቻይና መንግሥት ዕድል በኤምባሲው ወይም በቀጥታ በዩኒቨርሲቲው በኩል ይጠየቃል። ሩሲያ፣ ሕንድና ግብፅ የራሳቸው በር አላቸው። አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች የእስላማዊ ልማት ባንክ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ዕድል ይሰጣል። በኢትዮጵያ ለተጠለሉ የሶማሊያና የሌሎች አገሮች ስደተኞች ደግሞ ዳፊ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ፕሮግራም አለ፤ ስደተኛ የሆነ ተማሪ ከሌሎች በፊት ይህን መጠየቅ አለበት።

አሜሪካ ሌላ ዓለም ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት የውጭ አመልካችን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከተቀበሉት በኋላ ቤተሰቡ የማይችለውን ሁሉ ይሸፍናሉ። በሩ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ሌሎች ብዙ ኮሌጆችም ይረዳሉ፣ ነገር ግን ገንዘብ መጠየቁ ራሱ የመመረጥ ዕድሉን ይቀንሳል። ለዚህ መንገድ በአሜሪካ ኤምባሲ ያለው ኤዱኬሽን ዩ ኤስ ኤ ነጻ ምክር ይሰጣል።

ለማመልከት የሚወጣውን ወጪም ማሰብ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተና በዶላር ይከፈላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ከ60 ብር በታች ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ያልተጨመረው የፈተና ዋጋ በብር እጥፍ ሆነ። በዚህ ምክንያት ልጁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ ክፍያውን የሚያነሣ የድጋፍ ደብዳቤ አለ ወይ? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደነበር ከትምህርት ቤቱ የሚጻፍ ማረጋገጫስ ይበቃል ወይ? መልሱ አዎ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በዚህ መሐል ኤጀንቶች ይገባሉ። ነጻ ነው በተባለ ዕድል ላይ የመመዝገቢያ ብር መጠየቅ ሥራቸው ነው፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው የመንግሥታት ዕድሎች አብዛኞቹ በራሳቸው ድረ ገጽ በነጻ የሚጠየቁ ናቸው። የሶማሌ ተራ ልጅ እዚህ ላይ የአባቱን ዓይን ይጠቀም፤ መለዋወጫ ሲገዛ ካርቶኑን ትቶ ዕቃው ላይ የተመታውን ቁጥር እንደሚያነብ፣ ማስታወቂያውን ትቶ የሰጪውን አድራሻ ይይ።

ማስረጃው

አሁን ወደ ዋናው ማነቆ እንምጣ። ዕድሉ ከየትም ይምጣ፣ ፎርሙ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የቤተሰብህ ዓመታዊ ገቢ ስንት ነው? በተራው ለሚያድር ቤት ይህ ጥያቄ ቁና የለውም። ደላላው ዛሬ አምስት ሺህ ያገኛል፣ ሳምንቱን ባዶውን ይውላል። ባለሱቁም የሂሳብ መዝገብ ከሌለው ገቢውን የሚያውቀው የግብር ሠራተኛው ግምት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ስውር ወጥመድ አለ። ነጋዴው ለግብር ሲሆን ገቢውን ዝቅ ያደርጋል፤ ለኤምባሲ የባንክ ስቴትመንት ሲያስፈልግ ደግሞ ከወዳጅ ብር ሰብስቦ ሒሳቡን ያሳብጣል። ልጁ ድጋፍ ሲጠይቅ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ፋይል ውስጥ ይገናኛሉ። ድሃ ነኝ ብሎ ያመለከተ ተማሪ ባለ ስድስት አኃዝ ስቴትመንት ካያያዘ፣ አንባቢው የሚጠረጥረው አባቱን ብቻ አይሆንም፤ ልጁንም አብሮ ይጥለዋል።

የሚያዋጣው እውነተኛውን ነገር በትዕግሥት ወረቀት ማድረግ ነው። በመጀመሪያ፣ ቤተሰቡ የከተማ ሴፍቲኔት ወይም የማኅበረሰብ ጤና መድን ድጎማ ተጠቃሚ ከሆነ ይህ ራሱ በመንግሥት ተጣርቶ የተመሰከረ ድህነት ስለሆነ ማስረጃውን ከወረዳ ማውጣት። ቀጥሎ የግብር ማወራረጃውንና የንግድ ፈቃዱን ኮፒ ማያያዝ። ደመወዝ የሌለው ወላጅ የሦስትና የአራት ወር ገቢውን በደብተር ቢይዝ፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚጻፍ አንድ ገጽ ማብራሪያ ከባዶ ቁጥር ይሻላል፤ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ብሩ እንዴት እንደሚመጣ፣ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ በስሩ ስንት ሰው እንዳለ በግልጽ ይጻፍ። እቁቡም ይጠቀስ፤ የተገኘው ዕጣ ገቢ ሳይሆን ቁጠባና ዕዳ እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ መንገር ያስፈልጋል። ትርጉምና የሰነዶች ማረጋገጫ ጊዜ ይወስዳሉና የልደት የምስክር ወረቀቱን፣ ፋይዳውንና ፓስፖርቱን ከማመልከቻው ወራት ቀድሞ መጨረስ ይገባል።

የምስክር ደብዳቤም እንዲሁ። ከፍ ያለ ባለሥልጣን ከሚጽፈው ባለ ሁለት መስመር ምስጋና፣ ክረምቱን ሙሉ ሱቅ ያሠራው ነጋዴ ልጁ ምን እንዳደረገ በዝርዝር የሚናገርበት ደብዳቤ ይበልጣል። መጻፍ ካልቻለ ይናገር፣ ሌላ ሰው ይጻፍለት፣ እርሱ ይፈርም። ስሙ ተራው ውስጥ የሚያወጣው ዋጋ ወደ ወረቀት የሚሻገረው በዚህ ነው።

የጎደለው

ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይህን ክፍተት በተቋም ለመድፈን ሞክረዋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1995 የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ አቋቋመች፤ ኡጋንዳ በ2014 ተከተለች፤ ደቡብ አፍሪካ ከ1999 ጀምሮ የራሷ የተማሪ ገንዘብ ድጋፍ ተቋም አላት። ማስመለስ ላይ ሁሉም ተቸግረዋል፤ የተማሪውን ችግር መዝኖ በልክ የሚሰጥ ሥርዓት ለመዘርጋት ግን ሞክረዋል። የእኛ ወጪ መጋራት ግቢ የገባውን ሁሉ እኩል ያበድራል፣ ያልገባውን ሁሉ እኩል ይተዋል። የባለ ፎቅ ልጅና የወዛደር ልጅ አንድ ፎርም ይፈርማሉ።

ሁለት ነገር ቢለወጥ ብዙ ይቃለል ነበር። አንደኛው፣ ብድሩ ተቋሙን ሳይሆን ተማሪውን እንዲከተል፣ የማታና የግል ኮሌጅ ድሃ ተማሪም እንዲደርሰው ማድረግ ነው። ሁለተኛው ከመርካቶ ራሱ የሚጠበቅ ነው። በአሁኑ አሠራር አሥር ነጋዴ አሥር ልጅ በየግሉ ይረዳል፤ ማን እንደተረሳ የሚያይ የለም። ያንኑ ገንዘብ ሕጋዊ በሆነ ማኅበር አንድ ላይ አድርገው፣ ማመልከቻ በግልጽ ተቀብለው፣ ስም የሌለውን የጫኝና አውራጅ ልጅ ጨምረው ቢያወዳድሩ፣ የእቁቡን እምነት ሳያጡ የወረቀትን ፍትሕ ያገኙበታል። ማኅበሩ የሚጽፈው ደብዳቤም ለቀጣዩ ስኮላርሺፕ ማኅተም ያለው ምስክር ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ለልጁ የምለው አጭር ነው። የፈረምከውን ፎርም ኮፒ ያዝ፤ የወረዳውን ደብዳቤ ሳትሄድ አውጣ፤ የቤትህን ገቢ እንዳለው ጻፍ፤ ለነጻ ዕድል ብር ለሚጠይቅህ አትክፈል። የእቁቡን ዳኛም የምስክር ደብዳቤ ለመጠየቅ አትፈር፤ ስለ አንተ ቤት ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ቢሮ የለም።